ለአባቴ ሰሌዳ የጻፍኩበት ዓመት

የተወቀጠ ቅጠልና የባትሪ ድንጋይ ሽታ፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው፣ ዛሬም አልፎ አልፎ ድንገት ይሸተኝና ወደ ሰባተኛ ክፍል ይመልሰኛል። ከሚሴ ያደገ የእኔ ዘመን ልጅ ይህን ሽታ አይረሳውም፤ መስከረም ጠብቶ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት፣ ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ከየቤታችን ለቃቅመን፣ ውስጡ ያለውን ጥቁር ድንጋይ አውጥተን ፈጭተን፣ ከተወቀጠ ቅጠል ጋር ለውሰን፣ ክረምቱን ሙሉ ነጥቶ የከረመውን ሰሌዳ በጨርቅ እየቀባን እናጠቁር ነበር። እጃችን እስከ ክርናችን ይጠቁርና ቶሎ አይለቅም ነበር። የሌሎቹ ክፍሎች ሰሌዳ አንዴ ከተቀባ ይበቃው ነበር፤ አባቴ የሚያስተምርበት ክፍል ሰሌዳ ግን በዚያ ዓመት ደጋግሞ ተቀባ። «ገና ነው፣ አልጠቆረም፣ ድገሙት» ይለን ነበር፣ ከሰሌዳው ፊት ቆሞ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ። ሰሌዳው ግን እንደ ቁራ ጠቁሮ ነበር።

አባቴ መምህር እንድሪስ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሂሳብ ያስተምር ነበር፤ በዚያ ዓመት የደረሰው ግን አንድ የሰባተኛ ክፍል ብቻ ነበር። ከተማሪዎቹ ከፊሎቹ «ቲቸር»፣ ከፊሎቹ ደግሞ በኦሮምኛ «ባርሲሳ» ይሉት ነበር፤ እሱም እንደ ቤታችን፣ እንደ ከተማው ሁሉ፣ በኦሮምኛ የጀመረውን ወሬ በአማርኛ ይጨርሰው ነበር። የስኳር ሕመም እንዳለበት ከድሮም እናውቃለን፤ ሕመሙ ዓይኑን እየወሰደበት መሆኑን ያወቅነው ግን በዚያ መስከረም ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ሻይ ቀድታ ስታቀርብለት፣ እጁን ዘርግቶ ብርጭቆውን ስቶ ባዶውን አየር ጨበጠ። እናቴ ብርጭቆውን አንስታ መዳፉ ውስጥ አስገባችለት፤ ዓይኖቿ ግን እንባ አቅርረው ነበር። አባቴ ሻዩን ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ ጠራኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ራህማ፣ ይሄ ነገር ከዚህ በር እንዳይወጣ» አለኝ። «ሰው ከሰማብኝ፣ ነገ እንጀራችን የለም። ኢንሻአላህ ይሻለኛል። እስኪሻለኝ ዓይኔ አንቺ ነሽ።»

«ቶሌ፣ አባ» አልኩት፤ እሺ ማለቴ ነው። በዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር ብል አልዋሽም። ከታናናሾቼ ተለይቼ ተመርጬ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ምን ውስጥ እንደገባሁ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ወዲያው እሱ ወደሚያስተምርበት ክፍል ተዛወርኩ፤ ከፊት ወንበር፣ ከበሩ ጎን ተቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን ይዤለት አብረን እንወጣና፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች የሚንደረደሩበትን አስፋልት ለመሻገር ስንል እጁን ትከሻዬ ላይ ያሳርፍ ነበር። መንገድ ዳር የሚቆሙ ጋሪ ነጂዎች «ማሻአላህ፣ እንዲህ ነው እንጂ ልጅን መውደድ!» ይሉን ነበር። እኔ ደግሞ ድንጋይ ሲኖር በቀስታ ትከሻዬን ዝቅ፣ ጉድጓድ ሲኖር እርምጃዬን ገታ እያደረግኩ፣ ማንም ሳያውቅብን ክፍል ድረስ አደርሰው ነበር። ክፍል ከገባን በኋላ «ራህማ፣ ውጪና ጻፊ» ይለኛል። እሱ በቃሉ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከዚያም ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሲሠራ «ጮክ ብለህ እያነበብክ ሥራ» ይለው ስለነበር፣ ጆሮው የዓይኑን ሥራ ይሠራለት ነበር።

ማስተማሩንስ ያውቅበት ነበር። ጥቅምት አልፎ በጨፋ ሸለቆ ማሽላው ሲያሽት፣ ከክፍላችን ብዙው ወፍ ጥበቃ ሄዶ ወንበሩ ሲሳሳ፣ አባቴ ለቀረነው ርቢ የሚባለውን ትምህርት ጀመረልን። «ጨፋ ሮቢት ገበያ ሄጄ አንድ ወሬ ለሦስት ሰው ብነግር፣ እነዚያ ሦስቱም እያንዳንዳቸው ለሌላ ሦስት ሰው ቢነግሩ፣ እነዚያም እንደዚሁ እያደረጉ አራተኛው ዙር ላይ ስንት አዲስ ሰው ይሰማል?» አለን። አንዱ አስራ ሁለት አለ። «በለው! የገበያ ወሬ አስራ ሁለት ሰው ጋ ቢቆም ኖሮ የማን ቤት ይፈርስ ነበር?» አለና ሁላችንንም አሳቀን። ከዚያ ሦስትን ከራሱ ጋር አራት ጊዜ እያባዛን ሰማንያ አንድ ላይ ስንደርስ፣ «ራህማ፣ ሦስትን ጻፊ፤ አራትን አሳንሰሽ ከላይ ትከሻው ላይ አስቀምጫት» አለኝ። «አያችሁ? ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት። ከጎን ስትጻፍ ሌላ ናት፣ ከላይ ስትጻፍ ሌላ።»

እኔ ያቺን ትንሽ ቁጥር የምጽፈው በጥንቃቄ ነበር። በትክክል ከላይ ልትሆን፣ ደግሞም ከኋላ ለተቀመጡት ልትታይ ይገባታል፤ ትንሽ ዝቅ ብትል ሦስትና አራት ሠላሳ አራት ይሆኑና፣ ተማሪ «ቲቸር፣ ምንድን ነው የተጻፈው?» ብሎ ቢጠይቀው መልስ አይኖረውም። የስሌት ቅደም ተከተል ሲያስተምረንም እንዲሁ ነበር። ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ በአራት ስንት ነው ብሎ ጠይቆን፣ ብዙዎቻችን ከግራ ወደ ቀኝ ነድተን ሃያ ስንለው፣ «ውዱእ ሳያደርግ የሚሰግድ አለ?» አለን። «የለም!» አልን በአንድ ድምፅ። «እንግዲያው ይሄም ተራ አለው። መጀመሪያ ቅንፍ፣ ቀጥሎ ርቢ፣ ከዚያ ማባዛትና ማካፈል፣ በመጨረሻ መደመርና መቀነስ። ቀድሞ ስለተጻፈ ቀድሞ አይሠራም።» ከዚያ ወዲህ ሃያ ያለ ልጅ አልነበረም።

በጋው ሲገባ ግን ነገሩ እየከበደኝ መጣ። ዕረፍት ሲደወል ጓደኛዬ ሶፊያና ሌሎቹ ልጃገረዶች ገመድ ሊዘሉ ሲወጡ፣ እኔ የተማሪዎቹን ደብተር ተሸክሜ አባቴን ተከትዬ ባዶ ክፍል ውስጥ እገባ ነበር። አንድ በአንድ አነብለታለሁ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና «ልክ ነው»፣ «ሦስተኛው መስመር ላይ ተሳስቷል» ይለኛል፤ እኔ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ። ቅዳሜ ሲሆን ልጆቹ ቦርከና ወንዝ ወርደው ልብስ አጥበው፣ ተራጭተው፣ ሸንኮራ እየመጠጡ ይመለሱ ነበር። እኔ ወንዙን የማውቀው በሶፊያ ወሬ ነበር። «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው፣ ከአባትሽ ጋር የተሰፋሽ ይመስል?» አለችኝ አንድ ቀን። ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ከዚያ በኋላ መጥራቱን ተወችው።

ጥር ላይ የአባቴ እህት አክስቴ ፋጡማ ከደሴ መጣች። ልጅ የላትም፤ ሁልጊዜም ትወደኝ ነበር። ምሳ ተበልቶ ሳይነሳ፣ «ራህማን ስጠኝ፣ ስምንተኛን እኔ ጋ ትማር። እዚያ ጥሩ ትምህርት ቤት አለ፣ ቤተ መጻሕፍትም አለ» አለችው። አባቴ እጁን በሳህኑ ዳርቻ እያዟዟረ ቆየና፣ «ገና ልጅ ናት፣ ለከርሞ ይታያል» አላት። ለምን እንዲያ እንዳለ አክስቴ አላወቀችም፤ እናቴና እኔ አውቀናል። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። በዚያች ቀን ስምንተኛም፣ ዘጠነኛም፣ ከዚያም በላይ ያለው ዕድሜዬ ሁሉ በዚያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ታየኝ።

የካቲት ላይ ክፍሉ ነቃብን። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ምናልባት ሁሉም በየራሱ ደርሶበት ይሆናል። ጀማል የሚባል ረዥም፣ ቀልደኛ ልጅ ነበር፤ አንድ ቀን አባቴ እያስተማረ ሳለ ከወንበሩ ተነሥቶ በዳበሳ መጣና፣ ከፊቱ ቆሞ ምላሱን አወጣበት። ክፍሉ በሳቅ ታፈነ። አባቴ ንግግሩን አቁሞ ፊቱን ወደ እኔ ወንበር መለሰ። «ራህማ፣ ምንድን ነው የሚያስቃቸው?» አለኝ። ጀማል አሁንም ከፊቱ እንደቆመ ነው። ብናገር አባቴ አያይም ብዬ መመስከሬ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ አባቴ እየተሰደበ ነው። «ምንም፣ ቲቸር» አልኩ። ድምፄ ግን እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ተሰማኝ። አባቴ ትምህርቱን ቀጠለ፤ ሲቀጥል ግን እየፈጠነ ነበር።

የበልጉ ዝናብ በጀመረ ሰሞን፣ ቆርቆሮውን ዝናብ እየደበደበው፣ እናቴ ከዚያ በፊት ያልሰማሁትን ንግግር ስትናገር ሰማሁ። እኔ ጓዳ ውስጥ ማሽላ እየለቀምኩ ነበር። «አንተ ዓይንህን አጣህ፣ አላህ ያመጣው ነው፣ ሶብር እናደርጋለን» አለችው። «እሷ ግን እግሯን ያጣችው በማን ነው? ልጅቷን አሰርካት እኮ!» ዝናቡ እስኪያባራ እኔ ከጓዳ አልወጣሁም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሱፐርቫይዘር ወደ ክፍላችን መጣ። ወጣትና ትሑት ሰው ነበር፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ግድም ዝም ብሎ አዳመጠ። ከዚያ ጀማልን ወደ ሰሌዳው አስወጥቶ ከወረቀቱ አንድ ጥያቄ ሰጠው፤ ሁለት ሲደመር ሦስት ከላይዋ ሁለት ያለባት፣ ሲባዛ በአራት። ጀማል ድምፁን ሳያሰማ ሠራው። መጀመሪያ ሁለትና ሦስትን ደምሮ፣ ከዚያ አምስትን ከራሱ ጋር አባዝቶ፣ በአራት አባዝቶ መቶ ብሎ ጨረሰ። ስህተት ነበር።

«መምህር እንድሪስ፣ እስቲ ያርሙለት» አለ ሱፐርቫይዘሩ።

«አንብበው፣ ጀማል» አለ አባቴ እንደ ልማዱ።

«ግድ የለም፣ ሰሌዳው ላይ በደንብ ይታያል እኮ» አለ ሱፐርቫይዘሩ፣ ምንም ሳይጠረጥር።

አባቴ ጠመኔውን ይዞ ወደ ሰሌዳው ዞረ። እኔ እንዴት እንደማደርገው ሳላውቅ፣ ምን እንደምል ሳላውቅ፣ ብድግ ስል ወንበሬ ጮኸ። አባቴ ሰማው። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «ተቀመጪ፣ ኢንታላ ኮ» አለኝ። «ልጄ» ማለቱ ነው፤ ክፍል ውስጥ እንዲያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር።

«ወንድሜ» አለው ሱፐርቫይዘሩን፣ «እኔ ይሄን ሰሌዳ አላየውም። ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ አላየሁትም። ስታይልኝ የቆየችው ይቺ ልጅ ናት። ከዛሬ ወዲያ ግን ተማሪ ናት።» ከዚያም ፊቱን ወደ ጀማል መልሶ፣ «በል አሁን አንብብልኝ» አለው። ጀማል ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አነበበ። «ሁለትና ሦስትን ምን አስቸኮላቸው? ተራው የማን ነበር?» አለ አባቴ። «የርቢ!» አለ ክፍሉ በሙሉ። ዘጠኝ፣ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ስምንት እያለ ከእኛ ጋር ጨረሰው፤ ደወሉም ተደወለ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ፍርሃት ይሁን እፎይታ ዛሬም አልለየሁትም።

ነገሩ እንደ ተረት አላለቀም። ሰኔ እስኪደርስ ድረስ ልጆቹ በተራ እየጻፉለት፣ ጀማልም ጭምር፣ አስተማረ፤ አንዳንድ ወላጆች ግን «የማያይ ሰው እንዴት ያስተምራል?» እያሉ ዳይሬክተሩ ዘንድ ይመላለሱ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ከማስተማር ተነሥቶ በጡረታ ወጣ። ክረምቱን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር። እናቴ ገበያ ወጥታ በርበሬና ቅመም መሸጥ ጀመረች። መስከረም ላይ አክስቴ ልትወስደኝ ስትመጣ፣ አባቴ መናኸሪያ ድረስ አልሸኘኝም፤ በር ላይ ቆሞ ዱዓ አደረገልኝና «ሂጂ» ብቻ አለኝ። ደሴ በገባሁ ሰሞን፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ሁሉ ሳይታወቀኝ ጮክ ብዬ አነብ ስለነበር ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። ዕረፍት ሲደወልም የሚጠራኝ ሰው ስላልነበረ፣ ወዴት እንደምሄድ ጠፍቶኝ ግቢው መካከል እቆም ነበር።

አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ ጥቂት ዓመታት አለፉ። እኔ ተመልሼ እዚሁ ከሚሴ ሂሳብ አስተምራለሁ፤ ጋሪዎቹን ባጃጅ ተክቷቸዋል፣ ተማሪዎቼም የጻፍኩትን በስልክ አንሥተው ይሄዳሉ። ልጄ ሰሚራ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገባች፤ ሆን ብዬ እኔ የማላስተምርበት ትምህርት ቤት አስገባኋት። ሂሳብ አትወድም። ባለፈው ሳምንት ርቢ ላይ ፈተና ወድቃ መጣችና «እማ፣ ይከብደኛል» አለችኝ። በአንድ ከሰዓት ላስረዳት እችል ነበር፤ «ነይ ላሳይሽ» አልኳት። «ዛሬ አይደለም፣ እነ ሃያት እየጠበቁኝ ነው» አለችና ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። እኔ በእሷ ዕድሜ ለአባቴ «ዛሬ አይደለም» ማለት እንደሚቻል እንኳ አላውቅም ነበር። በመስኮት አየኋት፤ መንገዱን እየሮጠች ወረደች። ልጠራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።