ጀልዴሳ ላይ ብቻዬን ለማደር

ብቻዬን ሜዳ ላይ ማደር የፈለግሁት ሌላ የተደበቀ ምክንያት ኖሮኝ አልነበረም። ብቻዬን ማደር አማረኝ፣ በቃ። ይህንን ቀላል ነገር ድሬዳዋ ውስጥ ለአንድ ሰው እንኳ ማስረዳት አቅቶኝ ቀረ።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ በባቡሩ መጠገኛ ብረት ቆራጭ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ የመዶሻና የመጋዝ ድምፅ ጆሮዬን ሲደበድበው ይውላል። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ ወላጆቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንዲሁም ለጥየቃ ከደጋ መጥተው መመለሱን የረሱት ዘመዶቻችን ይጠብቁኛል። ሙቀቱ ቤት ውስጥ ስለማያስተኛ ሁላችንም ግቢ ውስጥ አልጋ ለአልጋ ገጥመን ነው የምናድረው። አንዱ ካስነጠሰ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤቶች ሳይቀሩ “ይማርህ” ይላሉ። አንድ ሌሊት፣ አንድ ብቻ፣ ማንም የማይምረኝ ቦታ መተኛት ናፈቀኝ።

ከመጋላ ገበያ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የወታደር ሸራ ገዛሁና መጀመሪያ ሳቢያን ሞከርኩ። ያን ጊዜ ሳቢያን ቁጥቋጦና የግመል መሰማሪያ ነበር። ሸራዬን ገና ሳልወጥር አንድ የሠፈራችን ሰው አይቶኝ ኖሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ አጎቴ እያለከለከ ደረሰ።

“ማን አስቀየመህ?”

“ማንም።”

“ማንም ያላስቀየመው ሰው ቤቱን ትቶ ዱር ያድራል?”

እየጎተተ መለሰኝ። በማግሥቱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከአባቴ ጋር አስታረቁኝ። ከአባቴ ጋር አልተጣላሁም ብዬ ብምል የሚሰማኝ አጣሁ። አባቴም ግራ ገብቶት “እንግዲህ ይቅር ብዬዋለሁ” አለ። ጉልበቱን ሳምኩ። በንዴት ጥርሴን ነክሼ ነው የሳምኩት።

ስለዚህ ሁለተኛው ጉዞዬ ራቅ እንዲል ወሰንኩ። በዓል አስታክኬ ከድሬዳዋ በታች ቆላ ወዳለችው ጀልዴሳ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ለእናቴ የምሄድበትንና የምመለስበትን ቀን ነገርኳት፤ ሳይናገሩ መጥፋት ሌላ ሽምግልና እንደሚያመጣብኝ ተምሬያለሁ።

በዚህ ጉዞ ያጓደልኩት ነገር አልነበረም፤ ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፣ በኋላ የደረሰብኝ የበለጠ ያናደደኝ ለዚህ ስለሆነ ነው። የጀልዴሳ ወንዝ አሸዋ እንደ ፍራሽ ለስላሳና ደረቅ ነበር፤ እኔ ግን ያደግሁት ድሬዳዋን በሚያቋርጠው በደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ከሐረር ተራሮች የወረደ ጎርፍ ከብት ጠርጎ ሲሄድ አይቻለሁ። አሸዋውን ትቼ ከፍ ያለ ቦታ ፈለግሁ። ቦታው የሰው ነውና ቅርብ ወዳለው ቤት ሄጄ ፈቃድ ጠየቅሁ። የቤቱ ባለቤት ፍየል የምታረባ፣ ባሏ የሞተባት ትልቅ ሴት ነበረች። አማርኛዋን በኦሮምኛ እያጣፈጠች ነው የምትናገረው።

“ቤት አለ። ለምን ውጭ?” አለችኝ።

“ውጭ ማደር ስለምፈልግ ነው፣ እናቴ።”

“አንተ ኬሱማ ነህ፣ እንግዳዬ። እንግዳ ውጭ አድሮ እኔ ቤት ውስጥ ልተኛ? ወላሂ ነውር ነው!”

ብዙ ተከራክረን በመጨረሻ ፈቀደች። ፍየሎቹ ከሚያልፉበት መንገድ እንድርቅ፣ የውኃ ጉድጓዱ አጠገብ እንዳልታጠብ፣ እሳቱን ነፋስ ወደ ሣሩ እንዳይወስድብኝ እንድጠነቀቅ ነገረችኝ። ሁሉንም ፈጸምኩ። ድንጋዮቹን በዱላ እያገላበጥኩ ጊንጥ አለመኖሩን አየሁ። ከዛፍ ሳልቆርጥ የወዳደቀ ጭራሮ ለቀምኩ። ሸራዬን ወጥሬ ተቀመጥኩ። ከሩቅ የፍየል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ በቀር ዝም ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ደስታዬ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም። የሴትዮዋ ወንድም ወተት ይዞ መጣ። “ብቻህን ነህ ብላ እህቴ ላከችኝ” ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ቀጥሎ ጎረቤቱ መጣ። ከዚያ የጎረቤቱ አማች። ሁሉም ጫታቸውን ይዘዋል። ሸራዬን ዙሪያውን ከበው በርጫው ደራ። ስለ ድሬዳዋ የገበያ ዋጋ ይጠይቁኛል፣ ስለ ግመል ይከራከራሉ።

“እኔ ደህና ነኝ፤ እናንተ ወደ ሥራችሁ...” ብዬ ሞከርኩ።

“አታስብ፣ አንተን ትተን የትም አንሄድም” አለኝ ወንድምየው፣ ትከሻዬን እየመታ። ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የኬላ ዘበኞች መጡ። ያን ጊዜ ከጅቡቲ በኩል በግመል የሚገባ ጨርቅና ሲጋራ ብዙ ስለነበር አገሩ ሁሉ ይጠረጠራል። ትልቁ ዘበኛ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

“እዚህ ምን እየጠበቅህ ነው?”

“ምንም።”

“ምንም የሚጠበቅ ነገር ነው?”

ከረጢቴን ዘረገፉት። ብርድ ልብስ፣ ዳቦ፣ አንድ ቆርቆሮ ሰርዲን፣ ፋኖስ። ትልቁ ዘበኛ ራሱን ነቀነቀ። “ዕቃው ገና አልደረሰም ማለት ነው።”

“ምን ዕቃ?”

“ፋኖሱስ ለምንድን ነው?”

“በጨለማ ለማየት ነዋ!”

“ለማየት ነው ወይስ ለመታየት?”

ስለ መጠገኛው ጫጫታ፣ ስለ ግቢያችን፣ ስለ አልጋዎቹ ነገርኳቸው። ስናገር ለራሴም ውሸት መስሎ ተሰማኝ። ዘበኛው “ተነሥ፣ ኬላ ትነግረናለህ” ሲለኝ ሴትዮዋ ነጠላዋን እያስተካከለች ደረሰች።

“የት ነው የምትወስዱት? ይሄ ልጅ ደጄ ድረስ መጥቶ ፈቃድ ጠይቆኛል። ኮንትሮባንድ የያዘ ሰው ‘ልደር ወይ’ ብሎ ይጠይቃል? እኔ ዋስ ነኝ።”

ዘበኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ትንሽ ካንሾካሾኩ በኋላ ትልቁ ፍርዱን ሰጠ፤ እዚያው ማደር እችላለሁ፣ ግን ወጣቱ ዘበኛ ሲጠብቀኝ ያድራል። ወንድምየውም ዘበኛ ካለማ እኔም አለሁ ብሎ ምንጣፉን አስመጣ። ሴትዮዋን አመሰገንኳት፤ ከልቤ ነበር። ነገር ግን ከእስር መዳኔ እንኳ ንዴቴን አላበረደውም። ብቻዬን ልሆን መጥቼ በመጨረሻ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ሆነውብኝ ተኛሁ። ሁለቱም ያንኮራፋሉ።

ጎህ ሲቀድ ወንድምየው ሊሰግድ ተነሣ። ዘበኛው ጠመንጃውን አቅፎ እንቅልፉን ይለጥጣል። ቀስ ብዬ ጫማዬን አራግፌ አደረግሁና ከበስተጀርባችን ካለው ኮረብታ ላይ ወጣሁ። የሶማሌው ሜዳ እስከ ዓይን መጨረሻ ተዘርግቶ ቀስ በቀስ ይቀላል። ወፍ እንኳ አልነበረም። ቁጭ አልኩ። ልቤ ሲመታ ሰማሁት፤ እንዲህ ጮክ ብሎ እንደሚመታ አላውቅም ነበር። ትንሽ ፈራሁ፣ ደግሞም ከዚያ መነሣት ጠላሁ። ወዲያው ከታች “ኬሱማ! ኬሱማ! ሻይ!” የሚል ጩኸት መጣ።

ወርጄ ሸራዬን አጠፍኩ። እሳቱን በውኃና በአሸዋ አጠፋሁ፣ ድንጋዮቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ። ባዶውን የሰርዲን ቆርቆሮ ከረጢቴ ውስጥ ስከት ዘበኛው ዓይኑን አፍጥጦ “ባዶ ቆርቆሮ ለምን ትደብቃለህ?” አለኝ። ቆርቆሮውን አስገብቼ የከረጢቱን አፍ አሰርኩ።

የጭነት መኪናው ሲመጣ ወጣቱ ዘበኛም ተሳፈረ፤ ድሬዳዋ በር ድረስ እንዲሸኘኝ ታዝዟል። ቲማቲም በተሞላ ሣጥን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መንገዱ እያንገላታን ብዙ ከሄድን በኋላ ድንገት “ኬላው ውስጥ አንድ ክፍል ነው ያለን። እየተገፋፋን ነው የምንተኛው። አዛዣችን ሌሊቱን ሙሉ ይቃዣል” አለኝ።

ሸራዬን ከእግሬ ሥር አስተካከልኩ።

“ትናንትና ግን እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ መሰለህ! እንዲህ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ። ዳግመኛ ትመጣለህ?”

ተናድጄ ወደ እሱ ዞርኩ፤ ፊቱ ላይ ሹፈት ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። የታጠፈውን ሸራዬን ከእግሬ ሥር ጎትቶ ራሱ ሥር አደረገው፤ ቆቡንም ዓይኑ ላይ ደፋ።

“ከተማው ስንደርስ ቀስቅሰኝ” አለ።