የባሕሩ ዳር መንገድና የረቡዕ ድግስ

እኔና ሚስቴ ቤት ውስጥ አንነጋገርም ነበር። ተጣልተን አይደለም። ለመጣላትም ወሬ ያስፈልጋል፤ እኛ እሱም አልቆብናል። ልጃችን ኮሌጅ ገብቶ ሲሄድ አብሮን የቀረው ቴሌቪዥኑ ነው፤ እሱም የሚያወራው ለራሱ ነው።

ድሮ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንኖር እንዲህ አልነበርንም። ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው፤ አርባ ካለፈኝ በኋላ፤ ያስቆጠረችኝም እሷ ነች። ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ጣቷን ፊደሉ ላይ ተክላ "ይሄ ማነው?" ትለኛለች። ስሳሳት ትሰድበኛለች። ሳገኘው ደግሞ "እንዴት ሆነልህ ባክህ!" ብላ ትስቃለች። እንዲህ እየተሰዳደብን እየሳቅን ሁለት ክረምት አሳለፍን። ማንበብ ስችል ግን እኔ ጋዜጣዬን ይዤ ወደ አንዱ ጥግ፣ እሷ ስልኳን ይዛ ወደ ሌላው ጥግ። ፊደሉ ሲያልቅ ወሬያችንም አለቀ። መማር ይጠቅማል የሚሉ ሰዎች ይሄን አይነግሯችሁም።

አሌክሳንድሪያ ወደምትባለው ጎረቤት ከተማ ከተዛወርን በኋላ ሐኪሟ "ስኳር ጀምሮሻል፤ ተራመጂ" አላት። ብቻዬን አልሄድም አለች። እኔ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ትኬት ስቀበል ቁጭ ብዬ ነው የምውለው፤ "አንተም እግር እንዳለህ አስታውስ" ተባልኩና ተከተልኳት።

ኦልድ ታውን በሚሉት በከተማዋ አሮጌ ሰፈር፣ ውኃው ዳር፣ እንጨት የተነጠፈበት የእግር መንገድ አለ። አንዱ ጎኑ መደገፊያ ብረት፣ ሌላው ጎኑ አግዳሚ ወንበር። ማንም ገብቶ ይሄድበታል፣ ማንም ገብቶ ይቀመጥበታል፤ ምን ልታዘዝ የሚልህ የለም። ውኃው ፖቶማክ ወንዝ መሆኑን እናውቃለን። ግን ሰፊ ስለሆነ፣ ወፎቹም እንደ ባሕር ወፍ ስለሚጮኹ፣ በሕንፃችን ያለነው ሐበሾች "ባሕሩ ዳር" ነው የምንለው።

የመጀመሪያው ቀን እንጨቱን እንደረገጥን ሚስቴ ክንዴን ያዘችው። ደነገጥኩ።

"ምነው? አመመሽ እንዴ?"

"ምንም አልሆንኩም። ሰው ያያል። እንደተኳረፈ ሰው ርቀህ አትሂድብኝ።"

ሰው ስለሚያይ ተጠጋጋን። ሰው ስለሚያይ ፈገግ አልን። ፈገግ ካልክ በኋላ ዝም ማለት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ማውራት ጀመርን። እሷ ሆቴል ውስጥ ክፍል ነው የምታጸዳው፤ እንግዳ አልጋ ሥር ጥሎት ስለሚሄደው ጉድ ትነግረኛለች። እኔ ትኬት ጠፋብኝ እያለ ስለሚያለቅስ ባለ መርሴዲስ እነግራታለሁ። ትስቃለች። መንገዱ ሲያልቅና መኪናችን ውስጥ ስንገባ ደግሞ ሬዲዮ እንከፍታለን። ለሌላው ሰው መናፈሻ ነው። የእኔ ትዳር ግን የሚኖረው እዚያ ነበር፤ አፓርታማው ውስጥ የሚኖረው የቤት ኪራዩ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ሁልጊዜ ውሻዋን ይዛ የምናገኛት ነጭ አሮጊት አስቆመችን። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነች። ሆቴል ሊሠራ ነው አለችን። ሆቴሉ ሬስቶራንቱን ውኃው ላይ ያወጣዋል፤ የእግር መንገዱ ደግሞ ታጥፎ በሕንፃው ጀርባ፣ ዕቃ በሚራገፍበትና ቆሻሻ በሚጣልበት በኩል ይዞራል። ሆቴሉን የሚሠራው ኩባንያ "መንገዱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ይቀጥላል" እያለ ነው። እውነቱን ነው፤ ቆሻሻ መጣያም ለሕዝብ ክፍት ነው።

ሚስቴ እሳት ሆነች። "ቀኑን ሙሉ የሆቴል ቆሻሻ ስጠርግ ውዬ፣ ማታ ደግሞ የሆቴል ቆሻሻ እያሸተትኩ ልራመድ?"

እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። በቆሻሻው ጀርባ ስንሄድ ማን ያየናል? ማንም ካላየን ለምን ብላ ክንዴን ትይዛለች?

ውሻ ያላት ሴትዮ እንደነገረችን ከተማው ሂሪንግ የሚሉትን የሕዝብ ስብሰባ ይጠራል፤ ማንም ነዋሪ ቀርቦ ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል፤ ተናጋሪው በበዛ ቁጥር ይሻላል። ሚስቴ የሕንፃውን ሐበሻ በር ለበር እየዞረች ቀሰቀሰች። ወሎዬው ሐጂ ወዲያው እሺ አሉ፤ ጉልበታቸውን የሚያፍታቱት እዚያ ነው። ከሐጂ ፊት ለፊት የሚኖረው ጾመኛውም እሺ አለ። ጾመኛው ማለት የሕንፃችን ጠባቂ መልአክ ነው። ረቡዕና ዓርብ ከእሱ ጋር ሊፍት ውስጥ መግባት ፈተና ነው። መጀመሪያ የያዝከውን ፌስታል ያያል፣ ቀጥሎ አንተን ያያል፣ ከዚያ ጣሪያውን ያያል። ከዚያ በኋላ ዶሮህ ከጉሮሮህ አይወርድም።

ከሂሪንጉ በፊት ኩባንያው ጎረቤቱን ሁሉ ጋበዘ። ባሕሩ ዳር ድንኳን ተከሉ፤ ኑና የሕንፃውን ሥዕል እዩ፣ ምግብም አለ ተባለ። ሚስቴ ሥራ ላይ ነበረች። "ሄደህ ምን እንደሚሉ ስማና ና" አለችኝ። ሄድኩ። ሥዕሉ ላይ ቀጫጭን ሰዎች ወይን ይዘው ውኃውን ያያሉ። እኔን የሚመስል አንድ ሰው አለ፤ ትሪ ተሸክሟል።

ምግቡ ግን ምግብ ነበር። የዶሮ ክንፍ፣ የሥጋ ድብልብል፣ ኬክ፣ ወይን ፍሬ። የኩባንያው ሰውዬ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ክራቫቱን ያላላ ነው። አስተናጋጅ አላዘዘም፤ በገዛ እጁ እያነሳ በየሳህናችን ላይ ያደርጋል። "ጨምር! ጨምር እንጂ!" ይላል፤ ልክ እንደ እኛ አገር ባለ ሠርግ። እኔ በላሁ፣ ጨመረልኝ፣ እንደገና በላሁ። ሐጂ ሥጋውን ፈርተው ወይን ፍሬ ብቻ ለቀሙ። ጾመኛው ከድንኳኑ ጀርባ ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ ለብቻው ቆሟል። እየጸለየ ነው ብዬ አለፍኩት። ትከሻው ግን ለጸሎት ትንሽ በዝቶ ይንቀሳቀስ ነበር።

የሂሪንጉ ዋዜማ ሁላችንም ሕንፃው ሥር ባለው የመሰብሰቢያ ክፍል፣ ፓርቲ ሩም፣ ተሰበሰብን። ሚስቴ ማን ማን እንደሚናገር በጽሑፍ ልትይዝ ስትል ጾመኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ አንድ ነገር ከብዶኛል" አለ። "ሰውዬው በእጁ አጉርሶናል። እህሉን በልተን፣ ውኃውን ጠጥተን፣ ነገ አደባባይ ቆመን ልናዋርደው ነው? የበላበትን ወጪት ሰባሪ መባል ለእኛ ይገባል?"

ቤቱ ሁሉ "እውነት ነው! እውነት ነው!" አለ። እንዲህ ተስማምተን አናውቅም። እህል ውኃ ከብዶን እንዳይመስላችሁ። ማይክራፎን ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ ከመናገር ያዳነን ሰው ስላገኘን ነው። አንዱ እንዲያውም እንባ አቀረረ።

ሚስቴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ምን ቀመሱ?" አለችው።

"እንዴት ማለት?"

"በልተናል ሲሉ ሰማሁ። እኔ ያን ቀን ሥራ ነበርኩ። ግን ረቡዕ መሰለኝ።"

አንዳንዱ ቀኑን በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

"ረቡዕ ነው" አሉ ሐጂ። "ለእኔ ምንም አይደለም፤ ግን ረቡዕ ነው።"

ጾመኛው ወደ ጣሪያው አየ። "እኔማ... እኔ ምንም አልቀመስኩም። ስለ ሌሎቹ ብዬ ነው።"

"እሰይ! እንግዲያው እርስዎ የሰውዬው እህል የለብዎትም፤ ነገ ይናገራሉ" አለችና ወደሚቀጥለው ዞረች። "አንተስ ወንድሜ?"

"እኔ? በረቡዕ? ኧረ በስመ አብ!"

"ትናገራለህ። አንቺስ?"

"ውኃ ብቻ።"

"ትናገሪያለሽ። ሐጂ፣ እርስዎስ?"

"ወይን ፍሬ በልቻለሁ ልጄ። ግን ፍሬ እህል አይደለም። እናገራለሁ።"

ያ ሁሉ ክንፍ በርሮ የሄደ ይመስል ማንም አልበላም። በመጨረሻ እኔ ጋ ደረሰች።

"እኔ በልቻለሁ" አልኩ። "ሁለት ሳህን።"

እንደ ሌባ አዩኝ። ጾመኛው ከንፈሩን መጠጠ። ሚስቴ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችኝና "አንተ ዝም ትላለህ፤ በልተሃላ" አለች። ከሁሉ በላይ መንገዱ የሚያስፈልገኝ እኔ፣ ባለመዋሸቴ ተከለከልኩ።

በማግስቱ የከተማው አዳራሽ ሄድን። እኛ አንድ ረድፍ ሞላን። ስብሰባው ሳይጀመር የኩባንያው ሳቂታ ሰውዬ ሰው እየጨበጠ መጣ፤ ጾመኛውን ሲያይ ፊቱ በራ።

"ወዳጄ! ክንፉን የወደድከው!" አለው ጀርባውን መታ መታ እያደረገ። "ክንፍ ሞልቼ የሰጠሁህ ሳጥንስ? ቤት ያሉት ወደዱት?"

ረድፋችን በሙሉ እንግሊዝኛ የገባው ያን ጊዜ ነው። ጾመኛው እስኪሄድለት ጠብቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ "ለጎረቤት ነው የወሰድኩት" አለ በአማርኛ።

"ጎረቤትህ እኔ ነኝ" አሉ ሐጂ። "አልደረሰኝም።"

ስብሰባው ተጀመረ። ሚስቴ ቀድማ ተናገረች፤ አጭርና ጥሩ። ከዚያ ጾመኛው ተጠራ። ማይክራፎኑን በሁለት እጁ ያዘ። ከተማውን አመሰገነ። አሜሪካን አመሰገነ። የሰብሳቢዋን ጤና ጠየቀ፣ የልጆቿን ጤና ጠየቀ፣ ዝናቡ በጊዜው እንዲዘንብ ተመኘ፤ ሦስት ደቂቃው አለቀና ደወሉ ጮኸ። ስለ መንገዱ ትንፍሽ አላለም። ሐጂ በአማርኛ ተናገሩ፤ አስተርጓሚ አልነበረም። ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሲጨርሱ ሰብሳቢዋም ሳታስበው እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ውኃ ብቻ" ያለችውና "በስመ አብ" ያለው ስማቸው ሲጠራ መጸዳጃ ቤት ነበሩ።

"ሌላ የሚናገር አለ?" አለች ሰብሳቢዋ።

የኩባንያው ሰውዬ ፈገግ ብሎ ወረቀቱን እየሰበሰበ ነው። ለእኔ የታየኝ የቆሻሻ መጣያው ነው፤ ከፊት ከፊት እሷ፣ ከኋላ ከኋላ እኔ። ተነሳሁ። ጾመኛው ጃኬቴን ያዘ።

"አንተ እኮ በልተሃል!"

"አንተስ?"

ለቀቀኝ።

እንግሊዝኛዬ የጋራዥ እንግሊዝኛ ነው፤ ትኬት፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ባለኝ ተናገርኩ። "እኔ የዚህን ሰውዬ ምግብ በልቻለሁ። ጥሩ ምግብ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። በእኛ አገር የሰው ምግብ የበላ ሰው በዚያ ሰው ላይ አይናገርም። እኔ ዛሬ ባለጌ ሆኛለሁ። ሰውዬው መንገዱን ወደ ጀርባ አዞረዋለሁ ይላል። እኔና ሚስቴ ቤት ውስጥ አንነጋገርም። ውኃው ዳር ግን ሰው ስለሚያየን እንነጋገራለን። ሆቴሉ ጀርባ ማንም አያየንም። ያኔ ዝም እንላለን። ጨርሻለሁ።"

አንድ ሽማግሌ ነጭ ከኋላ ሳቀ፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ አዳራሹ አጨበጨበ። ውሻ ያላት ሴትዮ አፍንጫዋን ጠረገች። እኔ ሚስቴን ፈለግኳት። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ መሬት መሬቱን ታያለች።

መኪና ውስጥ ሬዲዮውን ልከፍት ስል እጄን መታችው።

"ገመናዬን በማይክራፎን!" አለች። ከዚያ በቃ።

የድሮው ዝምታችን የሚነገር የሌለበት ዝምታ ነበር። ይሄኛው ሙሉ ነው፤ እንደ ተነፋ ፊኛ ነው፤ በአጠገቡ ስታልፍ ትጠነቀቃለህ። ወጥ ትሠራለች፣ ታቀርባለች፣ ትሄዳለች። ባሕሩ ዳር መሄድ ቀረ። "ያቺ የማያነጋግራት ሚስቱ ተብዬ ልታይ?" ስትል በስልክ ለእህቷ ሰማኋት። መንገዱ ቢተርፍም ባይተርፍም ለእኔ ያው ሆነ።

ከስንት ጊዜ በኋላ ውሻ ያላት ሴትዮ ለሚስቴ ኮል አደረገች። ከተማው ሆቴሉ ይሠራ ብሏል፤ ግን ወደ ኋላ ይገፋል፤ መንገዱ ውኃው ዳር እንዳለ ይቆያል። ሚስቴ ስልኩን ዘጋች፤ ለእኔ ምንም ሳትል የመራመጃ ጫማዋን አጠለቀች። እኔም አጠለቅኩ። አትምጣ አላለችም።

እንጨቱ ላይ ስንደርስ ከፊት ከፊት ሄደች። እኔ ከኋላ። ትንሽ እንደሄድን አንድ ነጭ ባልና ሚስት ከፊታችን መጡና ሰውዬው ጣቱን ቀሰረብኝ። "አንተ! ሚስቱን የማያናግረው ሰውዬ! አሸነፍክ!" ሴትየዋ ደግሞ ሚስቴን "አንቺ ነሽ እሷ? ዛሬስ እየተነጋገራችሁ ነው?" አለቻት።

ሚስቴ ጥርሷን አሳየች። እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፣ ክንዴን ፈልጋ ያዘች፣ ወደ ጎኗ ጎተተችኝ። "በጣም! ሁልጊዜ እንነጋገራለን!" አለች በእንግሊዝኛ።

እንዳለፉን ፈገግታዋን ሳታወርድ በአማርኛ ጀመረች። "አንተ አፈ ቀላል። ፈገግ በል፣ ሰው ያያል። ፊደል ባስቆጠርኩህ እኔን ነው የምታዋርደኝ? ፈገግ በል ብዬሃለሁ። ገመና የት እንደሚከደን የማታውቅ..." ሌላ ሰው መጣ፤ ሰላም አልነው፤ አለፈ። "...የማታውቅ ጥራዝ ነጠቅ። ምን ያስቅሃል?"

"ፈገግ በል አላልሽም?"

"ይሄ ፈገግታ አይደለም፣ ሳቅ ነው!"

እሷም አመለጣት። አፏን በእጇ ይዛ ብረቱን ተደግፋ ሳቀች፤ ሳቋን እንደጨረሰች ካቆመችበት ቀጠለች። ጫፉ ላይ ስንደርስ ሌላ ጊዜ ወደ መኪናው ነው የምንታጠፈው። ያን ቀን ግን ስድቡ ገና ግማሽ ላይ ስለነበር ዞረን መንገዱን እንደገና ጀመርነው።