አፍ ያዋሰኝ ሰው

ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እናቴን ለማስታመም ነው። እሷ ስትሞት ወደ ክፍል የምመለስበት ዕድሜ አልፎ ነበር። ስለዚህ እዚያው ጎባ አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሥራ ገባሁ። እሷ በመኪና ትሰፋለች፣ እኔ በእጄ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጫፍ እዘመዝማለሁ። ብዙ የማያናግር ሥራ ነው። ዝም ባልኩ ቁጥር ስለ እናቴ ቃል ከቃል እየገጠመ ይመጣብኝ ጀመር። ለአባቴ አልነገርኩትም። እሱ የእህል መጋዘን ጥበቃ ነበር፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ በቤታችን አንስቶ አያውቅም፣ እኔም አላነሳበትም።

ሮቤ ላይ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግጥም የሚያነቡ ሰዎች እንዳሉ የነገረችኝ ልብስ ልትለካ የመጣች አስተማሪ ናት። ሄድኩ። ብርዳም አዳራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ አስተማሪዎች፣ ነርሶች፣ የግብርና ሠራተኞች። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አንዱ በአማርኛ ያነባል፣ ቀጣዩ በኦሮምኛ፤ የሚተረጉም የለም፣ ሁሉም ሁለቱንም ይሰማል። መስመሩን የወደደ ሰው ከወዲህ «ይደገም!» ሲል ከወዲያ ሌላው በኦሮምኛ «ኢራ ዴቢኢ!» ይላል። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንባቢው አይቀመጥም። ወረቀቱን እንደያዘ ቆሞ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል፣ እኛም አብረነው እንጠብቃለን።

ሌላም ልማድ ነበረን፤ አፍ ማዋስ እንለዋለን። ሰው ፊት መቆም የማይችል ሰው ወረቀቱን ድምፅ ላለው ይሰጣል። አንባቢው ሲጨርስ «ባለቤቱ ከመሀላችን አለ» ይላል። ባለቤቱ ከፈለገ ይነሳል፤ ካልፈለገ ማንም አያስነሳውም፣ አንባቢውም ስሙን አያወጣም። ለእንደኔ ዓይነቷ ተብሎ የተሠራ ነበር የመሰለኝ።

ለእኔ አፉን ያዋሰኝ የሮቤ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው። ቀኑን ሙሉ የጎሮና የደሎ መና መንገደኛ ሲጣራ የሚውል ሰው ግጥም ሲያነብ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሰው ለመስማት ወደ ፊት ያዘነብላል። ወረቀቴን በጣቴ ጫፍ ይዤ ስዘረጋለት ሳቀብኝ። «አይዞሽ ኦቦሌቲ፣ የምትሰጪኝ እባብ ነው እንዴ?» አለኝ። ኦቦሌቲ እህቴ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ መስመሮች እንዲህ ይላሉ፦

አልጋሽን አንጥፌ፣ ማታ አልተኛሁበት፣
ብርዱ መጣ እንጂ፣ አንቺ አልመጣሽበት።

«ይደገም!» አሉ። ደገመው። እንደገና «ይደገም!» አሉ። ሲጨርስ በልማዳችን መሠረት «ባለቤቱ ከመሀላችን አለ» አለ። ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተከልኩ። ከኋላ አንዱ፣ «ባለቤቱማ ይኸው ፊታችን ቆሟል!» ብሎ ሲጮህ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ትሕትና መሰላቸው። አንዲት ትልቅ ነርስ ተነስተው ትከሻውን ይዘው፣ «የእናትህን ነፍስ ይማር፣ አንተንም ያጽናህ ልጄ» አሉት። ወደ እኔ ተመለከተ። ራሴን በእምቢታ ነቀነቅኩ። እሱም «አሜን» አለ። ልማዱን አክብሮልኝ ነው፤ ክፋት አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር ያንን ግጥም ያስነብቡት ጀመር። ባለቤቱ ከመሀላችን አለ ሲል እነሱ ይስቃሉ፤ ሳቁም የግጥሙ መጨረሻ ሆነ። «ነፍስ ይማር» የሚለው ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። የእሱ እናት ደግሞ ጎሮ ገበያ ላይ ቅቤ ትሸጣለች።

አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ በቴሌግራም ተላለፈ። አንድ ቀን ተራ አስከባሪው ጎባ ድረስ መጥቶ ከሥራ ቤቱ ደጃፍ ጠራኝ። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን አቁማ፣ «ሽማግሌ ሳትልክ ነው እንዴ ሥራ የምታስፈታት?» አለችው።

«ሽማግሌ የሚያስፈልገኝስ ከእናቴ ጋር ነው እትዬ» አላትና ወደ ውጭ ሳበኝ። ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«እናቴ አኩርፋኛለች። ገበያ ላይ አንዷ ስልኳን ከፍታ አሰማቻት። 'አኒ ነን ጂራ! እኔ አለሁ! በቁሜ አለቀስክብኝ!' ብላ ጆሮዬን አደነቆረችኝ። የሰው ነው ብላት አታምንም።»

«ይቅርታ» አልኩት።

«ይቅርታ ምን ያደርግላታል? እኔ ከእንግዲህ ያንን አላነብም፣ ሟርት ሆኖብኛል። ወይ ፍቀጂልኝና ማን እንደሆንሽ ልንገራቸው።»

«አይ፤ እኔው አነበዋለሁ።»

ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። ግን እውነቴን ነበር። የእናቴ ቀብር ላይ ከጎረቤት በቀር ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው ለሕያው ሴት ነፍስ ይማር ሲል፣ የእኔዋ እንዳልሞተች ሆና፣ እንዲያውም እንዳልኖረች ሆና ቀረች። አንድ ሰው እንኳ ወደ እኔ ዞሮ «የእናትሽን ነፍስ ይማር» እንዲለኝ ፈለግሁ። ሌላ የፈለግሁት የለም።

ድፍረቱን እያጠራቀምኩ ሳለ ሰዉ ተመናመነ። አንዱ ወደ አዳማ ተቀየረ፣ ሁለቱ ነርሶች ዓረብ አገር ሄዱ፣ ሌላው ዝም ብሎ ቀረ። በመጨረሻ አዳራሹ ለዕቃ ማስቀመጫ ተፈለገና ጋሼ «የዛሬው የመጨረሻችን ነው» አሉን። ብዙው ወንበር ባዶ ነበር። ተራ አስከባሪው ሥራ ላይ ነው። እጄን አወጣሁ። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ፤ ድምፄን ሰምተው አያውቁም።

ሁለት መስመር እንዳነበብኩ ዝናቡ መጣ። ልማዱ መቆም ስለሆነ ቆምኩ። ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ፣ ቆርቆሮው ላይ ያ ሁሉ ጩኸት፤ መቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ግን አልችልም። ሲያባራ ወረቀቱን ሳላይ እስከ መጨረሻው ዘለቅሁት። «ይደገም» ያለ የለም። በቀስታ አጨበጨቡ።

«ተባረኪ ልጄ» አሉ ጋሼ። «እሱ ባይመጣ አንቺ ግጥሙን አመጣሽልን።»

«በቃሏ ይዛዋለች እኮ!» አለ አንዱ ተደንቆ።

«ጋሼ፣ የእኔ ነው» አልኩ።

ሁሉም ሰምቶኛል። ጋሼ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ብለሻል። የእኔም ነው። የሁላችንም ነው። ከእናት ያልተወለደ የለ» አሉ። አሁን ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ። ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም። ያለኝን ድፍረት ማንበቡ ላይ ጨርሼው ነበር። ወንበሮቹን ደራርበን፣ ተሰነባብተን ወጣን። ከዚያ በኋላ የተሰበሰበ የለም። እኔም ቁልፍ ስተክል ቃል መምጣቱን ተወ፤ መጀመሪያ ሰሞን እጠብቀው ነበር፣ አሁን አልጠብቀውም።

በቅርቡ ጎረቤታችን ስልኳን ይዛ ቤታችን ገባች። «አባባ፣ ይህን ይስሙልኝ፣ ሆድ ያባባል» አለችው አባቴን።

የተራ አስከባሪው ድምፅ ነበር። አባቴ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ እስከ መጨረሻው፣ እስከ ሳቁ ድረስ ሰማ።

«ምን ያስቃቸዋል?» አለ።

«እንጃ» አለች ጎረቤታችን።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችለት። እኔ ትሪ ይዤ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። አባቴ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። አሁን እናቴ መሆኗን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። አፌን ከፈትኩ።

«ይሄ ልጅ እናቱን ይወድ ነበር» አለ። «ጥሩ ሴት ሳትሆን አትቀርም። ነፍሷን ይማር።»

ጎረቤታችን «አሜን» አለች። እኔም እንደማንኛውም ሰው አሜን አልኩ።