ከሰው መኪና የተነቀለ ሣጥን

ሾፌሮቹ «ቀስበቀስ» ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መንጃ ፈቃዱን ያዩ ትራፊኮች ብቻ ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣለት በአነዳዱ ብቻ አይደለም። ሻይ ሲጠጣም፣ ሲያወራም፣ ሲናደድም ቀስ ብሎ ነው። አንዴ ሚኒባስ የጎን መስታወቱን ሰብሮበት ሲያመልጥ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይል ቆይቶ፣ ራት ላይ ድንገት «ባለጌ!» አለ እያለች ሚስቱ እስከ ዛሬ ትስቅበታለች።

አጭርና ደንደን ያለ ሰው ነው። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደፊት ካልሳበ እግሩ ፍሬኑ ላይ በደንብ አያርፍም። ሥራው ከወንዝ ዳር አሸዋ ጭኖ ተራራው አናት ላይ ወዳለው የብሎኬት ፋብሪካ ማድረስ ነው። መኪናው የራሱ ነው፤ የራሱና የሚስቱ ቢባል ይሻላል። ሚስቱ የመኪና ወንበርና ሸራ ትሰፋለች። የቤታቸው የፊት ክፍል የእሷ ነው፦ በወፍራም ክር የሚሰፋው ማሽን፣ በየጥጉ የስፖንጅ ቁርጥራጭ፣ ገና ከበሩ አፍንጫ የሚይዝ የማስቲሽ ሽታ። የመኪናው ዋጋ ግማሽ ከዚያ ክፍል ነው የወጣው።

ይህ መኪና ሜዳ ላይ እንደ ፈረስ ነው። ዳገት ሲያይ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። ጭነት ይዞ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ከኋላ የደረሱት ሁሉ ክላክስ እየነፉ «እንግፋህ ወይ?» ብለው ያልፉታል። እሱ ይስቅና እጁን ያወጣላቸዋል። የፋብሪካው ተቆጣጣሪ «ምልልስህ ካልጨመረ በሌላ መኪና እንተካሃለን» ያለው ቀን ግን አልሳቀም።

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው አንጋፋ መካኒክ አሉ። ለእሳቸው ነገራቸው።

«ኖዝሎቹንና ቱርቦውን እናጽዳልህ» አሉት። «ተአምር አትጠብቅ። ትንሽ ነቃ ይልልሃል።»

«ትንሽ አይበቃኝም፣ ጋሼ።»

ከጎን የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ሰውዬ ይህን ሰማ። ጠራውና ከመሳቢያ አንዲት ሣጥን አወጣ። መዳፍ የምታህል፣ ጥቁር፣ ከአንድ ጎኗ ወፍራም የሽቦ ጅራት የወጣላት ናት። ጠርዟ ተፍቋል።

«ሞተርህ እኮ ሰነፍ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ነው ጨቁኖ የያዘው። ይቺን ብትሰካበት ናፍጣውንም ቱርቦውንም ትለቅለታለች። ዳገቱን ሜዳ ታደርግልሃለች።»

«ጉዳትስ የላትም?»

«ጋሼን ብትጠይቅ ሞተሩ ይግላል፣ ፍሪሲዮኑ ይበላል ይሉሃል። አልዋሽህም፣ ልክ ናቸው። ግን መጠኑን እኔ አስተካክልልሃለሁ። ሳምንቱን ሞክራት፣ ከወደድካት ትገዛታለህ፤ ካልወደድካት ትመልስልኛለህ።»

ቀስበቀስ እንደ ልማዱ ብዙ አሰበ። ከዚያ «ስካት» አለ።

በማግስቱ የሆነውን ሚስቱ ፊት ሲያወራ እንደ ሕፃን እጁን እያወናጨፈ ነበር። ያ ሲያቃስት የኖረ መኪና ጭነቱን ተሸክሞ ክንፍ አወጣ። ሁልጊዜ «እንግፋህ ወይ?» የሚለውን ሾፌር አግኝቶ አለፈው። ክላክስ ሊያደርግለት አስቦ አፈረ።

«ታዲያ ምን ሆነሃል?» አለችው ሚስቱ፤ ፊቱ ላይ ሌላ ነገር አይታ።

«ምንም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ረገብ አለብኝ።»

ያ ቦታ ከዳገቱ አጋማሽ ከፍ ብሎ ያለው የተዘጋ የሚዛን ጣቢያ ነው። መስኮቱ የረገፈ አንድ ቤትና ሣር የወረሰው የብረት መድረክ እዚያ አለ፤ ከቤቱ ጀርባ ገደል ነው። እዚያ ሲደርስ፣ እግሩ ነዳጅ መስጫውን እንደረገጠ፣ መኪናው ሌላ ሰው እግሩን ያነሳ ይመስል ረገብ አለ። ጣቢያውን ሲያልፍ ጉልበቱ ተመለሰ። በሚቀጥለው ምልልስም እንዲሁ ሆነ፤ በሚቀጥለውም። ባዶውን ሲወርድ ግን ምንም አይልም። ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦ ላልቶ ይሆናል ብሎ አንድ በአንድ ፈተሸ፤ የላላ ነገር አላገኘም።

አንድ አመሻሽ ሚስቱ ማሽኗን አቁማ ቀና አለች።

«ማፏጨት የት ተማርክ?»

«ማን? እኔ?»

«አሁን እጅህን ስትታጠብ ማን ነበር ታዲያ?»

ሳቀባት። በልጅነቱ እንኳ ከንፈሩ አልታዘዝ ብሎት ማፏጨት ያቃተው ሰው ነው፤ እሷም ታውቃለች። የሰማችውን ዜማ መልሳ አንጎራጎረችለት። እሱ ሰምቶት አያውቅም።

ይኼ በሆነ ማግስት የወንበሩ ስፌት ተተርትሮ ነበርና መርፌዋን ይዛ ጋቢና ወጣች። ብዙም ሳትቆይ ጠራችው።

«መኪናውን ለማን ሰጥተህ ነው?»

«ለማንም። አሁን አይደል ነድቼ ያመጣሁት?»

«ወንበሩ እስከ ኋላ ተገፍቷል።»

ወጥቶ ተቀመጠ። እውነትም ወንበሩ መጨረሻው ድረስ ሄዷል። እግሩን ዘረጋ፤ የጫማው ጫፍ ፍሬኑን ነካ እንጂ መርገጥ አልቻለም። እንዲህ ተቀምጦ ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ እንዴት ወረደ?   እሱ ወንበሩን ወደፊት ሳበና ወረደ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ሄደ።

«ይቺ ሣጥን ከማን መኪና ነው የተነቀለችው?»

ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። «ሎጋውን ታስታውሰዋለህ?»

ሎጋው ባለፈው ክረምት የጠፋው ሾፌር ነው። በቁመቱ ነበር እንዲያ የሚሉት። ቀስበቀስ በዓይን ብቻ ነው የሚያውቀው። መኪናው ሚዛን ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሞተሩ እንደሠራ፣ በሩ እንደተከፈተ ተገኘ። ሰውዬው የለም። ፖሊስ የመንገዱን ግራና ቀኝ ፈለገ፤ ዝናብና ጭጋግ ስለነበር ብዙም አልገፋበትም። ኋላ «ሌላ ሴት ይዞ ጠፍቶ ነው» ተባለና ወሬው በዚያው በረደ። መኪናው ለመለዋወጫ ተበተነ፤ ሣጥኗም ለኤሌክትሪሺያኑ ደረሰች።

«ማሽን እኮ ናት፣ ወንድሜ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «ማሽን ሰው አያስታውስም።»

«ያፏጭ ነበር?»

ኤሌክትሪሺያኑ መነጽሩን ሳያደርግ አየው። «ሲያፏጭ ነበር የሚውለው። ማን ነገረህ?»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው አስነቅሎ ይሄድ ነበር። ግን ቀስበቀስ ያንን ጉልበት ወዶት ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲታለፍ የኖረ ሰው ማለፍን ቀምሷል። ተቆጣጣሪው ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ «እንዴት አደርክ?» ብሎታል። ለሚስቱ «ሳምንቱን ልጨርስና እወስናለሁ» አላት። ነገሩ አልጣማትም።

«እንግዲያው አብሬህ እወጣለሁ» አለችው። የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ጋቢና ገባች።

ከቀትር በኋላ ነበር። ከዳገቱ እግር ስር ፀሐይ ነው፤ ከአጋማሹ በላይ ጭጋግ ወርዶ የፊት መብራት እንኳ ከአፍንጫ አያልፍም። እሷ ወሬ ብትጀምርለትም እየቆየ መልስ መስጠት አቆመ። ጣቢያው ሊደርሱ ሲሉ ማፏጨት ጀመረ። ያንኑ ዜማ፣ አፉ የለመደ ሰው እንደሚያፏጨው አድርጎ። ክንዱን ያዘችው። ክንዱ እንደ ብረት ደርቋል።

«ስማ እንጂ! አንተ!»

መኪናው ረገብ አለ። ከመንገዱ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ገባና ቆመ። እጅ ፍሬኑን ሳበ፣ በሩን ከፈተ፣ አንዴ እንኳ ዞር ብሎ ሳያያት ወርዶ ጭጋጉ ውስጥ ገባ። ሞተሩ እየሠራ ነው። ጎማ ሊያይ ነው ብላ ራሷን አታለለች። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ድምፅ ሰማች።

«ና… ና… ና…»

መኪና ወደ ኋላ የሚያስገባ ሰው የሚጠራው አጠራር ነው። ቀኑን ሙሉ በደጇ ሸራ ሊያሰፉ የሚመጡ መኪኖች ሲገቡ የምትሰማው ነው። ረጋ ያለ፣ የታመነ ድምፅ። ደግሞም ከዚያ ጥሪ በኋላ ሁልጊዜ የሚከተል አንድ ቃል አለ። ይኼኛው ያንን ቃል አይልም።

«ና… ና… ቦታ አለህ… ና…»

ክላክሱን ተጫነችው፤ ጆሮ የሚበሳው ጩኸት ጭጋጉ ውስጥ ገብቶ ቀረ። በስሙ ጠራችው። ጥሪው አላቆመም። እንዴት እንደወረደች አታስታውስም። ቤቱን ዞራ ሮጠች፤ ጀርባውን አየች። ሁለት እጁን መሪ እንደያዘ ሰው ከፊቱ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ወደ ፊት፣ የገደሉ ነጭ ጭጋግ ወደሚጀምርበት ይራመዳል። የማትደርስበት ርቀት ላይ ነበር። ያን ጊዜ ባላት አቅም ሁሉ ጮኸች፦

«በቃ!»

ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀኝ እግሩ ፍሬን እንደሚረግጥ መሬቱን ረገጠ።

ደርሳ ሸሚዙን ከኋላ ስትይዘው የጫማው ጫፍ ከገደሉ ጠርዝ ወጥቶ ነበር። ከስሩ የለቀቀች ጠጠር ስትወርድ ሰሙ፤ ስታርፍ አልሰሙም። ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ጋቢና ሲመለሱ፣ «መኪናው ውስጥ ያለሁ መስሎኝ ነው» አላት። «መሪ ይዤ ነበር እኮ። ‹ቦታ አለህ› ሲለኝ አመንኩት።» እሷ ዳሽቦርዱ ስር ጎንበስ ብላ ሣጥኗን ነቀለቻት። ወደ ፋብሪካው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰቱ ወጡ። ከኋላ የመጡት ሁሉ አለፏቸው።

በማግስቱ ሣጥኗን በጨርቅ ጠቅልለው አብረው ለኤሌክትሪሺያኑ ሊመልሱ ሄዱ። የሆነውን ለማስረዳት አልደፈሩም፤ «አልተስማማችንም» ብቻ አሉ።

«ግዴለም» አለ እሱ፣ ቅር ሳይለው። «ፈላጊ ሞልቷል። ያ አዲሱ የሲሚንቶ ሾፌር ዛሬ ወስዶ እንዲሞክራት ቃል ገብቼለታለሁ።»

አዲሱን የሲሚንቶ ሾፌር ሁለቱም ያውቁታል። ሚስቱ በቅርቡ ወልዳለች፤ በየሻይ ቤቱ የልጁን ፎቶ ያላሳየው ሰው የለም። መንገዱም ያው መንገድ ነው። ቀስበቀስ ሚስቱን አያት። ሣጥኗን በእጇ የነቀለቻት እሷ ነበረች።

«ግዛት» አለችው።

ገዛት። ኤሌክትሪሺያኑ «ሰው አልተስማማችኝም ብሎ ይገዛል እንዴ?» እያለ ግራ እንደተጋባ ቀረ። ሣጥኗን ጋሼ ጋ ወሰዷት። ጋሼ ምንም ሳይጠይቁ ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሥረው በመዶሻ አደቀቋት። ውስጧ ማንኛውም ሣጥን ውስጥ የሚኖረው ነገር ነው፦ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ቆርቆሮ፣ ጥቂት ሽቦ።

ነገሩ ግን በዚህ አልተዘጋላቸውም። ከጋራዡ ወጥተው የሎጋውን ታላቅ እህት ፈልገው አገኟት። ልብስ አጥቦ የሚተኩስ ቤት አላት። ካውያዋን ሳትለቅ ሰማቻቸው። ስለ ፉጨቱና ስለ ሣጥኗ አንድም ሳይተው ነገሯት። ሲጨርሱ «ከቤቱ ጀርባ አልፈለጉም?» ብላ ጠየቀች። ካውያው ስር ያለው ሸሚዝ መጨስ ጀምሮ ነበር።

ቦታውን ለፖሊስ ጠቆሙ፤ ፖሊሶቹ ገመድ ይዘው ገደሉን ወረዱ። ሎጋው ቀስበቀስ ከቆመበት ቦታ ትክክል ስር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተገኘ። መርማሪው «እዚህ መሆኑን በምን አወቅክ?» ሲለው፣ ቀስበቀስ ብዙ አስቦ «ሽንቴን ልሸና ወርጄ ጨርቅ ነገር አየሁ» አለ። ሌላ ምን ይበል?

ከቀብሩ በኋላ እህትየዋ ወደ ሚስቱ የስፌት ክፍል መጣች። ለምስጋና ነው የመጣችው። ስፖንጅ ላይ አስቀመጧት።

«ሴት ይዞ ጠፋ ሲሉኝ ነው የከረሙት» አለች። «አሁን ቢያንስ የት እንዳለ አውቃለሁ። ነፍሱ አላርፍ ብላ ጠርታህ ነው፤ አትቀየመው፣ ወንድሜ።»

«ኧረ ምን በወጣኝ፣ እትዬ።»

«ሲጠራህ ድምፁ እንደ ድሮው ነበር?»

ቀስበቀስ ሎጋው ሲናገር ሰምቶት እንደማያውቅ ነገራት። ሚስቱ ግን የሰማችውን አስታወሰች። «ረጋ ያለ ነበር። ወፍራም። የሸመገለ ሰው ድምፅ ነው የመሰለኝ» አለች።

 የእህትየዋ እጅ ስፖንጁን ይቆነጥር ጀመር።

«የእኔ ወንድም ድምፁ ቀጭን ነበር» አለች በመጨረሻ። «ስልክ ሲያነሳ ሴት ነው የሚመስላቸው። በዚህ ስንስቅበት ነው ያደግነው።»

«እሱንም ያው ድምፅ ጠርቶት ይሆናል» አለ ቀስበቀስ። ሚስትየዋ ተነሥታ በሩን ዘጋችው፤ ለምን እንደዘጋችው እሷም አታውቀውም።

እህትየዋ ስትሄድ ቀስበቀስ እስከ መንገዱ ሸኛት። በዚያው ሳምንት ፋብሪካው ሌላ መኪና እንዲተካ ራሱ ሄዶ ነገራቸው። ለሲሚንቶው ሾፌርና ለሚያውቃቸው ሁሉ፣ እዚያ ጣቢያ ማንም ቢጠራቸው እንዳይቆሙ ለመናቸው። የሳቁበት አሉ። ያልሳቁት ደግሞ እዚያ ሲደርሱ መስኮት ይዘጋሉ ይባላል።

አሁን ሜዳው ላይ ከሸክላ ፋብሪካው እስከ ግንባታው ቦታ ጡብ ያመላልሳል። ጋሼ ኖዝሎቹን አጽድተውለት ሞተሩ ትንሽ ነቃ ብሏል። ገቢው ቀንሷል። ሚስቱ ሥራ ሲቀዘቅዝባት ጋቢና ትገባና ሬዲዮ ላይ ይጨቃጨቃሉ፤ እሷ ዘፈን፣ እሱ ዜና። ብዙውን ጊዜ የምታሸንፈው እሷ ናት።