ገመዳን ባዳ ያልኩበት ዕለት

ይህ ነገር የደረሰው የዛሬ አሥር ዓመት ነው። ረስቼዋለሁ ብል ውሸቴን ነው፤ ሥራዬ የአልሙኒየም በርና መስኮት መግጠም ስለሆነ፣ ሀና ማርያም አካባቢ በተጠራሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ትዕግስትን የተዋወቅኳት የላፍቶ ታክሲ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ከቆየን በኋላ ለመጋባት ተስማማን፤ ሽማግሌም ተላከ። ቤተሰቦቿ ሀና ማርያም የሚኖሩ፣ እንደኛው ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት ገበሬ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እንደ ወጉ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠር ተባለና አባቴ መቁጠር ጀመረ። አምስተኛው ላይ «ገመዳ» ብሎ፣ ስድስተኛው ላይ «ቱፋ» ሲል የትዕግስት አያት አባባ ደቻሳ እጃቸውን አነሱ።

«ቱፋ የእኛም ቅድመ አያት ነው» አሉ። «ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው። አይሆንም።»

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ለአንዲት ቤት ብለን ቀረን።

እኔ ደግሞ በቀላሉ የምለቅ ሰው አይደለሁም። የሆነ ስህተት መኖር አለበት ብዬ የገመዳን ነገር ማጠያየቅ ጀመርኩ። ቱፋ የሚባል ሰው በዚህ አገር አንድ ብቻ ነው እንዴ? በመጨረሻ ነፋስ ስልክ፣ ልጃቸው ጋ የሚኖሩት የአባቴ አክስት እማማ ሙሉነሽ ዘንድ ደረስኩ። ዘጠና ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ገመዳ አያታቸው ነው።

በሩን ዝጋው ብለው ነገሩኝ። በክፉ ቀን ጊዜ፣ ከብት ሁሉ አልቆ ሰው በረሃብ በሚረግፍበት ዘመን፣ አንዲት ሴት ሁለት ልጆች ይዛ ቱፋ ደጅ መጣች። ጥጆቹም አልቀው ስለነበር ባዶው ጋጣ ውስጥ አሳደሯት። ጠዋት ሲያዩ ሕፃኗን ይዛ ሄዳለች፤ ትልቁ ልጅ እንደተኛ ነው። ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቱፋ በዚያው ዓመት የገዛ ሁለት ልጆቹን ቀብሮ ነበር። ሽማግሌ ሰብስቦ በጉዲፈቻ ልጄ ነው አለው፤ ገመዳ የሚለውን ስም አወጣለት። «ይህን ልጅ ባዳ ያለ ከቤቴ አይደለም» ብሎም ቤተሰቡን አስማለ።

«ሸምግሎ እንኳ ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ አይቀመጥም ነበር» አሉኝ እማማ። «ቆሎ ሲበላ አንዲት እፍኝ በጋቢው ጫፍ ይቋጥራል። ለማን ነው? ስለው፣ ይመጣሉ ይለኛል።»

ያን ቀን ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከትዕግስት ጋር በደም አንገናኝም። የእማማን ጉልበት ስሜ ተነሳሁ። «አደራ፣ ከአፍህ እንዳይወጣ» ያሉኝን እዚያው በራቸው ላይ ጥዬው በረርኩ።

ሀና ማርያም ስደርስ አባባ ደቻሳ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ትዕግስት አጠገባቸው ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«አባባ፣ ገመዳ የቱፋ ልጅ አይደለም! ተጥሎ የተገኘ ነው፤ ባዳ ነው!» አልኩ። ይባስ ብሎ እየሳቅኩ ነው ያልኩት።

አባባ አልደነገጡም።

«እናውቃለን» አሉ። «ገመዳ የአያቴ ወንድም ነው። መሬት ሲካፈሉ ባዳ አላሉትም። ሲጣሉም አላሉትም። አባቴም ሳይለው ሞተ። ይኸው የመጀመሪያው ሰው አንተ ሆንክ፤ ያውም ከገዛ ቤቱ ወጥተህ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ትዕግስት እስከ ታክሲው ሸኘችኝ። ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ጠፍተን እንጋባ አልኳት።

«ልጆቻችን ዘር ሲቆጥሩ ገመዳ ጋ ሲደርሱ ምን ይበሉ?» አለችኝ እያለቀሰች።

ብቻዬን ተሳፈርኩ።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ አባባ ደቻሳ ራሳቸው ደወሉልኝ። «እህትህን ልንድር ነውና እንዳትቀር» አሉ። እህትህን! ለመቅረት ሰበብ ስፈልግ ሰነበትኩ። ግን ከቀረሁ ገመዳን ለሁለተኛ ጊዜ ባዳ ማድረጌ ነው። ሄድኩ።

የሙሽራዋ ወንድሞች በር ይዘው ሙሽራውን አናስገባም የሚሉበት ሰዓት ሲደርስ፣ አባባ በከዘራቸው ጠቁመው መሐል ላይ አቆሙኝ። ሰዉ እየሳቀ ይገፋፋል። እኔም አናስገባም አልኩ፤ ከሁሉም አብልጬ ጮህኩ። የልቡን የተናገረ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በኋላ እንደ ወጉ ተለምነን ለቀቅን። እጄን ከበሩ ያነሳሁት ከሁሉም መጨረሻ ነው።

ይቆጭሃል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ አንዳንዴ ይቆጨኛል። ከዚያ የበለጠ የሚያሳፍረኝ ግን ያ ሳቄ ነው። አሁን አግብቼ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ገመዳ እዚያ ጋጣ ውስጥ የቀረው በእሷ ዕድሜ ነው። ዘር መቁጠር እያስተማርኳት ነው። ገመዳ ላይ ስትደርስ አስቆሜያት «የማን ልጅ ነው?» እላታለሁ።

«የቱፋ!» ትላለች።

ልክ ነሽ እላታለሁ።