ግግሩን ማን ጋገረው?

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር መጨረሻ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነበር፤ ድምፄ ገና ከፊት ወንበር አያልፍም።

የዚያን ቀን ትምህርት በደቡብ ዋልታ ስላለ አንድ ትልቅ የበረዶ ግግር ነበር። ከዋልታው ደጋ ተነስቶ፣ ተራሮቹን ሰንጥቆ ቁልቁል እንደሚጓዝ ነገርኳቸው። የቀድሞ አሳሾች ደግሞ ጓዛቸውን እየጎተቱ ሽቅብ ወጡበት፤ ከደብረ ሲና ወደ እኛ እንደ መውጣት ነው አልኩ። እስከዚህ ደህና ነበር።

ከመዘዞ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ከኋላ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ግግሩን ማን ጋገረው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ በረዶ ጣሪያ ሲደበድብ እንጂ ሲጓዝ አይተን አናውቅም አለች። ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ምክትል ርእሰ መምህሩ ለካ በር ላይ ቆመዋል። በኋላ ቢሮ ጠርተው፣ ነገ ገብተው እንደሚያዩኝ፣ እንዲሁ ከሆነ ክፍሉን ለነባር መምህር እንደሚሰጡት በለዘብታ ነገሩኝ። እኔ ግን ያንን ክፍል ወድጄዋለሁ፤ ጠያቂዋን ጭምር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ስገባ አከራዬ የምሳውን ሽሮ አስቀምጠውልኛል። «ጋግሯል፣ አሙቂው» አሉኝ። ድስቱን ባዘነብለው አልፈስ አለ። አንድ ላይ እንደተያያዘ ቀስ እያለ ተንሸራተተ፤ ላዩም ተሰነጣጠቀ። የልጅቷ ጥያቄ ትዝ አለኝ።

ድስቱን ለተማሪዎቼ ልውሰደው ብላቸው አከራዬ ሳቁ። «ለዚያ ሁሉ ልጅ ይቺ ትበቃለች?»

በማግስቱ ጠዋት፣ በረንዳ ላይ ያደረውን ድስት በነጠላ ጠቅልዬ ሄድኩ። ምክትሉ በር ላይ ምሳ ነው ወይ ሲሉኝ፣ በአከራዬ ድስት የመጣ የበረዶ ግግር ነው አልኳቸው፤ በራሴ ድፍረት ደነገጥኩ።

ልጅቷን ወደ ፊት ጠርቼ ድስቱን እንድታዘነብለው ነገርኳት። ሽሮው ተንቀሳቀሰ፣ ተሰነጠቀም። አሳሾቹ እንዲህ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ይወድቁ እንደነበር ስነግራቸው ከኋላ ያሉት ስንጥቁን ለማየት ብድግ አሉ።

«እና ማን ጋገረው?» አልኳት።

«ብርዱ» አለች።

ብርዱም፣ የላይኛው በረዶ ክብደትም ብዬ አስተካከልኩላት። ምክትሉ ከኋላ ተነስተው መጥተው ድስቱን አዩ። «ክፍሉ ያንቺ ነው፤ ድስቱን ግን ለባለቤቱ መልሺ» አሉኝ።

ጠመኔዬን አንስቼ የልጅቷን ጥያቄ የዕለቱ ርእስ አድርጌ ጻፍኩት።