ወንድሜና የጠፉት ዘመዶቻችን

ዳንግላ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ታናሽ ወንድሜም እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል ደርሶ ነበር። እግሮቹ ከልጅነቱ ጀምሮ አይታዘዙለትም፤ ጠዋት ጠዋት በጋሪ ነበር የማመጣው። ችግሩ ክፍሉ ፎቅ ላይ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አዝዬው እወጣ ነበር። ጎረምሳ ነውና ሲሳቅበት «ከእንግዲህ አታዝለኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ታች ግቢው ውስጥ፣ ከክፍሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ እየሰማ ይማር ጀመር።

ርእሰ መምህሩን ምድር ቤት ያለውን ክፍል እንዲሰጡን ለመንኳቸው። «ለአንድ ልጅ ብለን ፕሮግራም እናፍርስ እንዴ?» አሉኝ። ክፍሉ እኮ ተማሪ የለበትም፤ የተሰባበረ ዴስክ ነው የታጨቀበት! ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እሳቸው ግን ያዘኑት ለዴስኩ ነው።

አንድ ቀን ለወንድሜ ክፍል ስለ ኒያንደርታሎች አስተማርኩ። እኛን የሚመስሉ፣ እኛን ግን ያልሆኑ፣ ዘራቸው የጠፋ የጥንት ዘመዶቻችን ናቸው። በአውሮፓና በእስያ ብርድ እሳት እያነደዱ፣ አውሬ እያደኑ፣ ቆዳ እየፋቁ ኖረዋል። ዋሻ ውስጥ ከተገኙት አጽሞች አንዱ ክንዱ የሰለለ፣ እግሩም የተጎዳ ሰው ነው። ያም ሆኖ ቁስሉ ጠግጎ ብዙ ዓመት ኖሯል። ካደነው ያካፈለው፣ ሲጓዙ የጠበቀው ሰው ነበረ ማለት ነው። ይህን ስናገር ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፤ ታች እንዲሰማ።

ከኋላ አንዱ «ታዲያ ቲቸር፣ እንዲህ ያለውን ሲጦሩ ነዋ የጠፉት!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ደሜ ፈላ። ልጁ ላይ ብቻ አይደለም የተናደድኩት። ማን አስተማረው? እኛው ነን። የዋሻዎቹን ሰዎች ኋላቀር እንላለን፤ ለራሳችን ሆሞ ሳፒየንስ፣ «ጠቢብ ሰው» የሚል ስም አውጥተናል። ጠቢቡ ሰው ለአንድ ልጅ ብሎ ዴስክ ማንሳት አቃተው!

ስወርድ ወንድሜ ደብተሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ሁሉንም ሰምቷል። «ጋሼ፣ ጋሪ ጥራልኝ» አለኝ። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ በማግስቱ ከቤት አልወጣም። ርእሰ መምህሩ «በራሱ ፈቃድ አቋረጠ» አሉ። የምድር ቤቱ ክፍል ዛሬም እንደተቆለፈ ነው።

ትምህርቱን በየዓመቱ አስተምራለሁ። ተማሪዎቹ ሁልጊዜ ኒያንደርታሎቹ ለምን እንደጠፉ ይጠይቁኛል፤ ሊቃውንቱ ገና እየተከራከሩ ነው እላቸዋለሁ። ወንድሜ ለምን እንደጠፋ ግን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።